ሁለተኛው የአጋዘን ቆዳ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፤

እንደምን ሰንብተሻል? ጉልበትሽ እንዴት አደረ? ጥቁሯ ውሻ ወለደች ወይስ አሁንም ሆዷን እየጎተተች ነው? የጣራውን ፍሳሽ ጎረቤት አይቶልሽ እንደሆነ እንጃ፤ እኔ ልደፍንልሽ መሰላሉን አውጥቼ ነበር፣ ግን እንደምታውቂኝ ጀምሬ ተውኩት። እኔ በጤናዬ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ያቃተኝ መቀመጥ ብቻ ነው። ይህን ስጽፍ እንኳ ሦስት ጊዜ ተነስቼ መስኮቱን አይቼ ተመልሻለሁ።

ከተለያየን ሁለት ቀን ሳይሞላን ደብዳቤ መጻፌ ይገርምሽ ይሆናል። ከመንደር በሄሊኮፕተር ወጥተን እዚህ ከተማ ከደረስን ጀምሮ ጉም ወርዶብናል፤ ወደ ዋና ከተማችን ወደ ኑክ የሚወስደን አውሮፕላን ሊያርፍ አልቻለም። አምስታችንም በአየር ማረፊያው ጥግ ባለችው ማደሪያ ቤት ታጉረናል፤ አለቃዬ ሮዋን፣ ኒቪና ባሏ ፓቪያ፣ ልጃቸው ሳሊክ፣ እና እኔ። ሮዋን ካርታ ትጫወታለች፣ ፓቪያ ደረቅ ዓሣውን ያኝካል፣ ኒቪ ሻንጣዋን አስራ ትፈታለች፣ ፈትታ ታስራለች።

«ብትደውዪልኝ ይቀል ነበር» ትዪ ይሆናል። አንቺ ስልክ ላይ የነገሩሽን ሁሉ «እሺ እሺ» ብለሽ ነው የምትዘጊው፤ ሰምተሽ ይሁን ሳትሰሚ አይታወቅም። እኔም ብሆን ቁምነገርን በስልክ መናገር ከተውኩ ቆየሁ። በዚችው ማደሪያ ቤት፣ እበሩ አጠገብ ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ስልክ ለመጨረሻ ጊዜ ከደወልኩ አምስት ዓመት ሆነኝ። አሁንም እዚያው ተሰቅሏል። በአጠገቡ ላለማለፍ በጓሮ በኩል እየዞርኩ ነው የምወጣው፣ የማደሪያ ቤቱ ጠባቂ አጎት ቶቢያስ ይህን አይተው ሳቁብኝ።

ስለ ሥራዬ በመጣሁ ቁጥር ትጠይቂኛለሽ፣ እኔም በጠየቅሽኝ ቁጥር «ደህና ነው» ብዬ ወደ ሌላ ወሬ እዞራለሁ። ዛሬ ጊዜ ሞልቶኛልና ልንገርሽ። ከባሕር ማዶ ያለው ትልቁ አገር ኑክ ውስጥ ያቺን ቢጫ ቤት ተከራይቶ ቢሮ ሲከፍት ከእኛ ሰው መጀመሪያ የተቀጠርኩት እኔ ነኝ። በወረቀት ላይ የባህል ጉዳይ ረዳት እባላለሁ። ሥራዬ እነሱ የሚሰጡትን ይዞ ወደየመንደሩ መሄድ፣ ሰጥቶ መመለስ፣ ከዚያም ሰዉ ምን እንዳለ መጻፍ ነው። መንደራችን በአገራቸው ስም ጠርቷቸው አያውቅም፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «እንግዶቹ» ናቸው።

ክፉዎች ቢሆኑ እንዴት በቀለለኝ። ያን ክረምት ውሾቻችን በበሽታ ሲረግፉ ክትባቱን የላኩልን እነሱ ናቸው፤ ሳጥኑን ይዤ ስደርስ አንቺ ራስሽ አቅፈሽኝ አልቅሰሻል። ቀጥሎ የኳስ ሜዳው መብራት መጣ፣ ሁለት ምሰሶ፣ አሁን አንዱ ላይ ዓሣ ተሰቅሎ ይደርቅበታል። ከዚያ ባንዲራቸው ያለበት ኮፍያ ለመንደሩ ሁሉ ታደለ፤ አንቺ የወፍ እንቁላል የምትለቅሚበት። ከዚያ በሳምንት ሁለት ቀን የቋንቋቸው ትምህርት፣ ከዚያ ለመዘምራኑ የሙዚቃ መሣሪያ፣ ከዚያ ሳሊክ ኮፍያቸውን ደፍታ ጥርሷን ሁሉ አሳይታ የምትስቅበት የቀን መቁጠሪያ። እሷ ያለችው የካቲት ላይ ነው። አንቺ ግድግዳሽ ላይ ሰቅለሽ ገጹን አልገልጥም ስላልሽ ቤትሽ እስካሁን የካቲት ነው።

ሮዋን ደጋግማ «እኛ ምንም አንጠይቃችሁም» ትላለች። እውነቷን ነው፣ ጠይቀው አያውቁም። እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን ይኸው ነው። የሚጠይቅን ሰው እምቢ ማለት ይቻላል፤ ምንም የማይጠይቅን ሰው ምን ብለሽ እምቢ ትይዋለሽ? የሚሰጡትን እያሰብኩ ስተኛ ደስ ይለኛል፣ በእኩለ ሌሊት ስነቃ ደግሞ ደረቴ ላይ የተቀመጠ ነገር አለ።

የማደሪያ ቤቱን የሚጠብቁት አጎት ቶቢያስ እንዳንቺ ምላሳቸው አያርፍም። ዛሬ ጠዋት ሮዋን በቋንቋችን አመስግናቸው ስትወጣ ወደ እኔ ዞር አሉና «አጥርታዋለች እኮ! የኛ ልጆች የሷን ቋንቋ፣ እሷ የኛን። ቀስ ብለን ቤት መለዋወጣችን ነው» አሉ። እንግዶች እኮ ናቸው አጎቴ ብላቸው፣ «እንግዳማ የሚሄድ ሰው ነው። ቢሮ ተከራይቶ፣ ምድጃ ገዝቶ የመጣ እንግዳ በዕድሜዬ አላየሁም። አሁን ደሞ እኛኑ እንግዳ አርገው ሊወስዱን ነው አሉ። የማን ቤት ማን እንግዳ እንደሆነ ጠፍቶብኛል» ብለው የእንግዶቹን ኮፍያ ጆሯቸው ድረስ ደፍተው በረዶ ሊጠርጉ ወጡ።

በየወሩ የምልከው ሪፖርት ላይ «ለእኛ ያላቸው ስሜት» የሚል ዓምድ አለ። በስምሽ ትይዩ ምን እንደጻፍኩ ታውቂያለሽ? «ሞቅ ያለ» ብዬ ነው። ለሮዋን ከባሕር የታደነ የአቆስጣ ሥጋ ሾርባ ስለሰጠሻት ነው እንዲህ ያልኩት፤ አንቺ ግን እደጅሽ ለመጣ የጎረቤት ውሻም ትሰጫለሽ። ይህን ነገር ከነገርኩሽ ወዲያ ትንሽ ቀለለኝ፣ ስለዚህ ወደ ዋናው ልሂድ።

እንግዶቹ ዘንድሮ አንድ ቤተሰብ ወደ አገራቸው ወስደው ለአንድ ዓመት ሊያኖሩ እንደሆነ ታውቂያለሽ። ለኒቪ የነርስነት ትምህርት፣ ለፓቪያ ሥራ፣ ለልጅቷ ትምህርት ቤት። «ከተስማማቸው ይራዘማል» ይላል ወረቀቱ። ይራዘማል ማለት ምን እንደሆነ መንደሩ በሙሉ ያውቃል፤ ወደ ዴንማርክ ለአንድ ዓመት ብለው ከሄዱት ስንቶቹ ተመለሱ? ከመላው ግሪንላንድ የተመረጡት ደግሞ ኒቪና ፓቪያ ናቸው። አንቺ ይህን ስትሰሚ ተነስተሽ የአቆስጣ ቆዳ ማለስለስ ጀመርሽ።

እንዴት እንደተመረጡ ነው ልነግርሽ የምፈልገው።

ዓምና ሮዋን ቤትሽ መጥታ ትንሿን ሳሊክን «ና እስቲ የኔ ወንድ ልጅ፣ አንተ ሆዳም፣ ና ብላ» ስትያት ሰምታ ግራ ተጋባች። በኋላ ለብቻችን ስንሆን አስረዳኋት። ወንድሜ ሳሊክን በረዶው ከበላው በኋላ መንደራችን ውስጥ መጀመሪያ የተወለደችው እሷ ናት፣ ስሙን ይዛ መጣች፤ ስሙን የያዘ ሰው ደግሞ እሱው ነው፣ ሴት ትሁን ወንድ ለውጥ የለውም አልኳት። ስለዚህ ለእናቴ ልጇ ናት፣ ለእኔ ታላቅ ወንድሜ ናት፣ እሷም እናቴን «እማ» ነው የምትላት አልኳት። ሮዋን ዓይኗ እንባ አቀረረ። «እንዴት ያምራል» አለችና ማስታወሻ ደብተሯን አውጥታ ጻፈችው። ከወራት በኋላ የቀን መቁጠሪያው ታትሞ ሲመጣ ከፎቶው ሥር አገኘሁት። ወንድሜ ሁለት መስመር ሆኗል።

ሮዋን ከመንደራችን ሦስት ቤተሰብ ጠቁሚኝ ስትለኝ እኔ የሰጠኋት አንድ ስም ብቻ ነው። ለራሴ ሰበብ አላጣሁም። ኒቪ ከሁሉም ትጎብዛለች፣ ቋንቋውን ትችላለች፣ ከልጅነቷ ጀምሮ ነርስ መሆን ስትመኝ ኖራለች። ይህ ሁሉ ውሸት አይደለም። ግን ለዚያ ብዬ አይደለም ስሟን የሰጠሁት።

ቅጹ ስድስት ገጽ ነው። አባት ይላል፣ እናት ይላል፣ የጤና ታሪክ፣ የቤት ውሻ አለ ወይ ይላል። የስም እናት የሚል ግን የለውም። እኔና አንቺ እናውቃለን፤ ስም የያዘ ልጅ ሩቅ አገር ከመወሰዱ በፊት የስሙ እናት ትጠየቃለች፣ ቤቷ ተሄዶ፣ ተቀምጦ፣ በአፍ። ይህን የጻፈ የለም፣ የረሳውም የለም። እኔ ግን ከወራት በፊት ቅጹን ይዤ በመጣሁ ጊዜ ሞልቼ፣ ኒቪንና ፓቪያን አስፈርሜ፣ በቤትሽ በኩል አልፌ ወደ ሄሊኮፕተሩ ሄድኩ። መስኮትሽ ላይ ሆነሽ እጅሽን ስታውለበልቢልኝ አየሁሽ።

ለምን ትይኛለሽ። የሳሊክ አራተኛ ዓመት ልደት ትዝ ይልሽ እንደሆነ እንጃ። የኒቪ ቤት ሞልቶ አንዱ ሲወጣ ሌላው እየገባ፣ እኔ በሰኔ ሹራብ ደርቤ ጥጉ ላይ ኬክ ይዤ ተቀምጬ ነበር። ልጅቷ ከሰዉ መሐል ወጥታ መጥታ ፊቴ ቆመች። አየችኝ፣ አየችኝና «አሁንም ይበርድሻል?» አለችኝ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። የእሱ ቃል ነበራ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ከውጭ በገባ ቁጥር የሚያበሽቀኝ በዚህ ነበር፣ «አሁንም ይበርድሻል? አንቺ እኮ ደቡብ መወለድ ነበረብሽ» እያለ። አንቺ ፊትሽን በእጅሽ ሸፍነሽ በደስታ አለቀስሽ። «አያችሁ፣ እሱ ነው እኮ» አልሽ። እኔ ኬኩን ሳልጨርስ ወጣሁ፣ ራሴን አሞኛል ብዬ።

ከዚያ ቀን በፊትም ያቺ ልጅ ጉልበቴ ላይ ተቀምጣ አታውቅም። ሁሉም ጋ ትሄዳለች፣ የሮዋን አንገት ላይ እንኳ ትንጠለጠላለች። እኔን ግን ከሩቅ ቆማ ታየኛለች። ሌላው ሰው የልጅ ነገር ነው ይላል። እኔ እንደዚያ ልል አልቻልኩም፣ እናቴ። የሮዋን ጥያቄ የመጣው ልደቱ ካለፈ በሳምንቱ ነው።

ባለፈው ሳምንት የወንድሜን መቃብር አጽድተን ስንመለስ በየዓመቱ የምትጠይቂኝን ጠየቅሽኝ። «ለአንድ ቀን ዓሣ፣ ለአንድ ሰው፣ ለብርዱ ብሎ ለምን ሁለት የአጋዘን ቆዳ ጫነ?» አልሽኝ። ውሾች የሚጎትቱትን የበረዶ ጋሪውን ፈላጊዎቹ ያገኙት ዓሣ በሚጠመድበት በኩል ሳይሆን ወደዚህ ከተማ በሚወስደው የባሕር ወሽመጥ በኩል መሆኑንም እንደገና አነሳሽ። እኔም እንደየዓመቱ «እንጃ» አልኩሽ። የአምስት ዓመት «እንጃ» ነው።

መሸ። አጎት ቶቢያስ መብራት ሊያጠፉ ነው። ነገ እቀጥላለሁ።

ሦስተኛው ቀን ነው።

ከጠዋት ጀምሮ የማደሪያ ቤቱ ማሞቂያ ጠፍቷል፤ ነዳጅ የምታመጣው መኪና በረዶ ላይ ተቸክላለች። ሮዋን በሁለት ካፖርት ተጠቅልላ ኑክ ካሉት ሰዎች ጋር በስልክ ስትከራከር ነበር። እዚያ ትልቅ አቀባበል ተዘጋጅቶ ፎቶ አንሺዎች ሦስት ቀን ሙሉ እየጠበቁ ነው። እኔ እዚያው ጠረጴዛው አጠገብ በብርዱ ተኮራምቼ ትናንት የጻፍኩልሽን አውጥቼ ማንበብ ጀመርኩ። ቀድጄ ልጥለው ሁሉ አስቤ ነበር። ከላይ የነገርኩሽ ሁሉ ግማሽ ነገር መስሎ ታየኝ።

ሳሊክ ከክፍላቸው ወጣች። አንቺ የሰፋሽላትን ቦት አድርጋለች፤ ሁለት ቁጥር ስለሚበልጣት ስትራመድ ቷ ቷ ይላል። ስንለያይ ሄሊኮፕተሩ አጠገብ «እዚያ ሙቀት ነው አሉ፣ ይሁን፣ ለፎቶ ይሆነዋል» ብለሽ ስትስቂ ሁሉም ሳቀ። ለምን ሁለት ቁጥር እንዳስበለጥሽው እኔ ብቻ ነኝ የገባኝ። እግሩ ሲያድግ እንደማታዪው አውቀሽ ነው የሰፋሽው።

ልጅቷ እንደ ልማዷ ከሩቅ ቆማ አየችኝ። ከዚያ ተመልሳ ገባችና የራሷን ብርድ ልብስ በወለሉ ላይ እየጎተተች አመጣች። ጉልበቴ ላይ ጣለችው። ያንኑ ጠየቀችኝ፤ «አሁንም ይበርድሻል?» እኔም እንደ ትልቅ ሰው ቆጥሬያት «አዎ፣ ይበርደኛል» አልኳት። ይህን ስላት እየታገለች ወጥታ ከብርድ ልብሱ ጋር ጉልበቴ ላይ ተቀመጠች። ከባድ ናት፣ እናቴ። ይህን ያህል እንደምትከብድ አላውቅም ነበር። ትንሽ ቆይታ እንቅልፍ ወሰዳት፣ እኔም እንዳልቀሰቅሳት ፈርቼ በሦስት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልነሳ ተቀመጥኩ። በድምፅ አለቀስኩ መሰለኝ፣ ፓቪያ ማኘኩን ትቶ አይቶኛልና።

አጎት ቶቢያስ ከውጭ ገብተው ጉሙ እየተነሳ እንደሆነ ሲናገሩ ኒቪ ደስ ብሏት ሻንጣዋን ለመጨረሻ ጊዜ አሰረች። ቀድሞ ወደ መንደራችን የሚመለሰው ሄሊኮፕተር ይነሳል፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ የኑኩ አውሮፕላን ይመጣል አሉ። ያኔ ነው «ኒቪ፣ እናቴ እኮ አልተጠየቀችም» ያልኳት።

መጀመሪያ አልገባትም። «ምን ማለትሽ ነው?» አለችኝ። ማንም አልጠየቃትም፣ እኔም አልጠየቅኋት አልኳት። ሻንጣዋ ላይ ተቀመጠች። «አንቺ አይደለሽ እንዴ ወረቀቱን ይዘሽ የመጣሽው? እህቱ ነሽ እኮ! እህቱ እንዲህ ያለ ነገር ይዛ ስትመጣ እናትየው እሺ ብላ ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል?» አለችኝ። ፓቪያም እንዳንቺው ቀስ ብሎ፣ «ቦቱንም ሰፍታለታለች። እኔ እሱን ሳይ መረቀችን አልኩ» አለ። አየሽ፣ እነሱ እኔን አይተው አንቺ የፈቀድሽ መሰላቸው። አንቺ ደግሞ እነሱ አንቺን መጠየቅ ሳያስፈልጋቸው የቆረጡ መሰለሽና ዝም ብለሽ ሰፋሽ። መሐል ላይ ቆሜ ሁለታችሁንም ዝም ያሰኘሁ እኔ ነኝ።

ኒቪ ተናደደች። ልንቆጣት አንችልም። ሕልሟ ከደጅ ቆሞ እየጠበቃት ነው። «ብትነግሪኝ እኮ ያን ዕለት ማታውኑ ሄጄ አጠገቧ ቁጭ ብዬ እጠይቃት ነበር። እሺም ትለኝ ነበር፣ አውቃታለሁ። አሁን ግን ልጇን ሰርቄ የምሮጥ ሌባ አደረግሽኝ» አለች። ቀጥላም «ለምን?» አለችኝ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። አልመለስኩላትም። መልሱ ቀድሞ የሚገባው ላንቺ ነው ብዬ ነው እንጂ ጠፍቶኝ አይደለም። ባልና ሚስቱ ውጭ ወጥተው ተነጋገሩ። ተመልሰው ሲገቡ ኒቪ ዓይኗ ቀልቷል፣ ፓቪያ ሻንጣዎቹን ከአውሮፕላኑ ወረፋ አንስቶ ወደ ሄሊኮፕተሩ በኩል እያዞረ ነበር።

ለሮዋን የነገርኳት እኔ ነኝ። አልተቆጣችም፤ እሷ መቆጣት አታውቅም። ካፖርቷን አውልቃ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገችልኝና ማባበል ጀመረች። «ችግር የለውም፣ ቅጹን እናስተካክላለን፣ ለእናትሽም አንድ ዓምድ እንጨምራለን። ከፈለገች እሷንም እንወስዳታለን፣ ለጉብኝት» አለችኝ። እያዳመጥኳት ነገሩ ሁሉ ሲቀልልኝ፣ ሲጥመኝ፣ እሺ ልላት አፌን ስከፍት ተሰማኝ። ከዚያ «ደሞ እኮ ይሄ ራሱ ድንቅ ታሪክ ነው» አለችና እጇን ወደ ማስታወሻ ደብተሯ ሰደደች።

«ይሄን አትጻፊው» አልኳት።

ሦስት ዓመት አብረን ስንሠራ እምቢ ያልኳት ያኔ ብቻ ነው። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ራሴ ደነገጥኩ። ብዙ አየችኝ፣ ከዚያ ደብተሩን ዘግታ ኪሷ ከተተችው። ፊቷ ላይ ቅያሜም ነበር፣ ሌላም የማላውቀው ነገር ነበር። «ታዲያ እዚያ ለሚጠብቁን ሰዎች ምን ልበላቸው?» አለችኝ። የልጁን እናት ሊጠይቁ ተመለሱ በያቸው አልኳት። ከዚህ በኋላ በዚያ ቢጫ ቤት ወንበር ይኖረኝ እንደሆነ አላውቅም፤ ዛሬ ስለሱ ማሰብ አልቻልኩም። ካፖርቷን ግን መለስኩላት።

እንግዲህ እናቴ፣ ይህ ደብዳቤ ሲደርስሽ ኒቪና ፓቪያ እደጅሽ ቆመው ከጫማቸው በረዶ እያራገፉ ነው። ሊጠይቁሽ ነው የመጡት፣ እንደ ደንቡ፣ ተቀምጠው፣ በአፍ። የፈለግሽውን መልሺላቸው። እሺ ብትዪ አንጀትሽ እያረረ ለእነሱ ብለሽ እንዳይሆን። እምቢ ብትዪም ኒቪ ትቀየመኛለች ብለሽ አትፍሪ፤ የተቀየመችው እኔን ነው፣ ቅያሜዋንም እኔው እሸከመዋለሁ። እንግዶቹ መልስሽን እስከ ሳምንት እንደሚጠብቁ ሮዋን ቃል ገብታለች፤ ቃሏን ደግሞ ትጠብቃለች።

እኔ አብሬያቸው ያልመጣሁት ቦታ ጠፍቶ አይደለም። ሄሊኮፕተሩ ላይ አንድ ባዶ ወንበር አለ። ግን ይህን አንብበሽ ሳትጨርሺ ፊትሽ መቆም አልችልም። እዚሁ አጎት ቶቢያስ ዘንድ እስከ ሐሙስ እቆያለሁ፤ ሐሙስ ሌላ ሄሊኮፕተር አለ። የማደሪያ ቤቱ ስልክ ቁጥር አልተለወጠም፣ ያን ጊዜ ለወንድሜ የደወልኩበት ያው የድሮው ነው። ሲጮህ እኔው አነሳዋለሁ። «ነይ» ካልሽኝ እመጣለሁ። ካልደወልሽም ገብቶኛል፣ አልጠይቅሽም።

ለምን ሁለት የአጋዘን ቆዳ እንደጫነ አምስት ዓመት ስትጠይቂኝ ኖርሽ። ይህን ደብዳቤ በእጇ ይዛ የምትመጣው ሳሊክ ናት፤ ቦቷ ቷ ቷ ሲል ትሰሚያታለሽ። ቆዳው ለማን እንደነበረ እሷን ጠይቂያት። ማን እንደሚበርደው ታውቃለች።

እግዚአብሔር ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ ጣራሽን ከፍሳሽ፣ ልብሽን ከሐዘን ይጠብቅልሽ። ጥቁሯ ውሻ ከወለደች ቡችሎቿ ሁሉ ይደጉልሽ። የቀን መቁጠሪያውን ገጽ ግን አትገልብጪው፣ እኔ እስክመጣ የካቲት ይሁን።

እስካሁንም የሚበርዳት ልጅሽ